ከሩቅ የመጣ እንቁላል መፈልፈያ ማሽን ውስጥ የሚጠፋው በምን ምክንያት ነው?

ጥያቄ፦ «24 ለም የዶሮ እንቁላሎች ከሩቅ ቦታ አስመጥቼ በደረሱበት ዕለት ማታ ማራገቢያ በሌለው ትንሽ መፈልፈያ ማሽን ውስጥ አስገባኋቸው። ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ላይ፣ እርጥበቱን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው 65 በመቶ አካባቢ አድርጌ ጠበቅኋቸው። እንዳይደርቁ በማለት አልፎ አልፎ ለብ ያለ ውሃ እረጭባቸው ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮም በቀን 3 ጊዜ አገላብጫለሁ። በ7ኛው ቀን በብርሃን ስመለከታቸው 9ኙ ምንም የላቸውም፤ 4ቱ የደም ቀለበት ሠርተዋል። ከቀሩት 11 እንቁላሎች 3 ጫጩቶች ብቻ በ22ኛውና በ23ኛው ቀን ወጡ። 8ቱ ሙሉ በሙሉ አድገው ሳይወጡ ሞቱ፤ አንደኛውን ቅርፊቱን ልጬ ላወጣው ስሞክር ደም ፈሶት ሞተብኝ። ሻጩ ያልተዳቀለ (የአውራ ዶሮ ዘር የሌለው) እና ያረጀ እንቁላል ስለላከልኝ ገንዘቤን ልጠይቀው አስቤአለሁ። ትክክል ነኝ? ለሚቀጥለው ዙርስ ምን ላስተካክል?»

ምላሽ፦ ገንዘብዎን ከመጠየቅዎ በፊት የጠፉትን 21 እንቁላሎች በሦስት ይክፈሏቸው። ባዶ የመሰሉት 9ኙ፣ የደም ቀለበት የሠሩት 4ቱ እና አድገው ያልወጡት 8ቱ የጠፉበት ጊዜም ሆነ ምክንያት አንድ አይደለም። ከጻፉት ዝርዝር ተነሥቶ መናገር የሚቻለው፣ ሻጩ ሊጠየቅባቸው የሚችሉት በዋናነት ከ9ኙ መካከል ያሉ፣ ስንት እንደሆኑም አሁን ሊታወቅ የማይችል እንቁላሎች መሆናቸውን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለደረሰው ጥፋት ጉዞው ትልቅ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የ8ቱ ሞት ግን በዋናነት ከማሽንዎ ሙቀትና እርጥበት ጋር የተያያዘ ይመስላል። ጉዞ ባደረሰበት ጉዳት የተነሣ በመጨረሻው ሰዓት የሚሞት ጫጩት መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ11 እንቁላሎች 8ቱ በአንድ ጊዜ ሲቀሩ በቅድሚያ መመርመር ያለበት ማሽኑ ነው።

በመጀመሪያ «ምንም የላቸውም» ያሏቸውን እንመልከት። በብርሃን ምርመራ የምናየው የተዘረጋውን የደም ሥር መረብ እንጂ እንቁላሉ መዳቀሉን አይደለም። የተዳቀለ እንቁላል ከዶሮዋ ሲወጣ አስኳሉ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት ያሉት ጽንስ ይዞ ነው የሚወጣው። እንቁላሉ ከ20 ወይም ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቀዘቅዝ ጽንሱ ዕድገቱን ገትቶ ሙቀት እስኪያገኝ ይቆያል። በመንገድ ላይ ወይም ማሽን ውስጥ በገባባቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሞተ ግን የደም ሥር ስላልዘረጋ፣ በ7ኛው ቀን በብርሃን ሲታይ ጭራሽ ካልተዳቀለ እንቁላል ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ሰብሮ ማየት ብቻ ነው። እንቁላሉን ጠፍጣፋ ሰሃን ላይ ቀስ ብለው ይስበሩና አስኳሉ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ ይፈልጉ፤ ከላይ ካልታየች አስኳሉን በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርገው ያዙሩት። ያልተዳቀለው ነጥቡ ትንሽ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የነጣ፣ ጠርዙም ያልተስተካከለ ነው። የተዳቀለው ሰፋ ብሎ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ መሃሉ ሳሳ ያለና ዙሪያውን ቀለበት የከበበው ክብ ነው። ማሽን ውስጥ ጥቂት አድጎ የሞተው ደግሞ አስኳሉ ላይ ከዚህም በላይ የተንሰራፋ ገርጣ ያለ ሽፋን ያሳያል። እርስዎ 9ኙን ሳይሰብሩ ጥለዋቸው ከሆነ፣ ያልተዳቀሉ ናቸው የሚለው ክስዎ ማስረጃ የለውም።

«ያረጀ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የእንቁላል ዕድሜ በሰፊው ጫፍ በኩል ካለው የአየር ክፍል ስፋት በግምት ይታወቃል፤ እንቁላሉ በቆየ ቁጥር ውሃ ስለሚያጣ ክፍሉ ይሰፋል። በጉዞ የተናወጠ እንቁላል ግን የአየር ክፍሉ ቅርጹን ስለሚያጣ፣ ትኩስ ሆኖ ሳለ ያረጀ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሻጩን የተጣሉበትን ቀን ይጠይቁት። ከ7 ቀን በላይ የተቀመጠ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ በየቀኑ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ለረጅም ጉዞ የሚላክ እንቁላል ከተጣለ 3 ወይም 4 ቀን ሳያልፈው መነሣት ይኖርበታል።

ጉዞው እንቁላሉን የሚጎዳው በመሰበር ብቻ አይደለም። የአየር ክፍሉ የሚገኘው ከቅርፊቱ ሥር ባሉት ሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል ነው። መኪና ሲንገጫገጭ ወይም ካርቶን ሲወረወር ውስጠኛው ሽፋን ከውጨኛው ይላቀቅና አየሩ ከቦታው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ይህንን በዓይንዎ ለማየት ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪውን በሰፊው ጫፍ ላይ ይደግፉና እንቁላሉን በቀስታ ወደ ጎን ያዘንብሉት። ጤነኛው የአየር ክፍል ጠርዙ ከቅርፊቱ ጋር እንደተጣበቀ ይቆያል። የተላቀቀው ግን እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ አረፋ፣ እንቁላሉ ባዘነበለ ቁጥር ወደ ላይኛው ጎን ይንሸራተታል። አንዳንዱም ሙሉ በሙሉ ሳይላቀቅ በአንድ ጎን ብቻ ወደ ታች ወርዶ ይታያል። ከዚህ በተጨማሪ መናወጡ አስኳሉን መሃል ላይ የሚይዙትን ገመድ መሰል ነጭ ጅማቶች ያላላል፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅም ሊያበጅ ይችላል። ሙቀቱም የራሱ ጉዳት አለው፤ ጸሐይ የመታው መኪና ውስጥ የዋለ እንቁላል ጽንሱ ለጥቂት ሰዓታት ማደግ ጀምሮ ሲቀዘቅዝ ያቆማል፣ ይህም ሲደጋገም ይደክምና ይሞታል። የእርስዎ 4 የደም ቀለበቶች ከእንዲህ ዓይነቱ ጽንስ ሊመጡ ይችላሉ። የደም ቀለበት ማለት የደም ሥር መዘርጋት ከጀመረ በኋላ የሞተ ጽንስ ነው፤ ደሙ ከመሃል ሸሽቶ በዳር ይከማቻል። የእንቁላል መቆየት፣ የማሽን ሙቀት መዋዠቅና የባክቴሪያ ብክለትም ያንኑ ስለሚያስከትሉ፣ ቀለበቱ መቼ እንደሞተ እንጂ በምን እንደሞተ አይነግርዎትም።

በደረሱበት ዕለት ማታ ማሽን ውስጥ ማስገባትዎ ግልጽ ስሕተት ነው። ከጉዞ የመጣ እንቁላል ሰፊው ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ሳይገላበጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ማረፍ አለበት። ቀዝቅዞ የደረሰ ከሆነ ካርቶኑን ወዲያው አይክፈቱት፤ ቀዝቃዛ ቅርፊት ድንገት ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ ያልበዋል፣ ላቡም ላዩ ላይ ያለውን ባክቴሪያ በሺዎች በሚቆጠሩት የቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ይዞት ይገባል። በዚሁ ምክንያት እንቁላሉን ማጠብም ሆነ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል አያስፈልግም። ዕረፍቱ የተላቀቀውን ሽፋን መልሶ ያጣብቃል የሚል ተስፋ ግን አይያዙ። ጥቅሙ ውስጡ ያለው ነገር ቦታ ቦታውን እንዲይዝና የእንቁላሎቹ ሙቀት እኩል እንዲሆን ማድረግ ነው። ከ24 ሰዓት በላይ ማቆየትም ዕድሜ ከመጨመር በቀር የሚሰጠው ነገር የለም።

መገላበጥን በተመለከተ የተለያየ ምክር ይሰማል። ጤነኛ የአየር ክፍል ያለው እንቁላል እንደ ማንኛውም እንቁላል ከመጀመሪያው ቀን ይገላበጥ። የተላቀቀው ግን በጎኑ አይተኛም፤ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ፣ አየር እንዲዘዋወር ሥሩ በተበሳ የእንቁላል መያዣ ላይ ቆሞ ይቀመጥና ለመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ሳይነካ ይቆይ። ከዚያ በኋላ እንቁላሉን ሳይሆን መያዣውን ወደ አንዱ ጎን 45 ዲግሪ ያህል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ወደ ሌላው ያዘንብሉት። አለመገላበጡን እስከ ሳምንት የሚያራዝሙ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም። ሽፋኖቹ በሚገባ ተዘርግተው ጽንሱን የሚመግቡት በመገላበጥ ስለሆነና ይህም ከምንም በላይ የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ሳምንት ስለሆነ፣ አየሩን ለማዳን ሲባል ጽንሱን መጉዳት ይሆናል። በቀን 3 ጊዜ ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ቢችሉ 5 ያድርጉት። ቁጥሩ ጎዶሎ የሚሆነው ሌሊቱን ሁልጊዜ በአንድ ጎን እንዳያድሩ ነው።

አሁን ወደ 8ቱ እንምጣ። 37.5 ዲግሪ ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ማራገቢያ ላለው ማሽን ነው። ማራገቢያ በሌለው ማሽን ውስጥ ሞቃቱ አየር ወደ ክዳኑ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይቀራል፤ በእንቁላሉ አናትና ሥር መካከል እንኳ የሚታይ ልዩነት ይፈጠራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማሽን በእንቁላሎቹ አናት ትክክል ሲለካ ከ38.3 እስከ 38.9 ዲግሪ ማሳየት አለበት። የእርስዎ መለኪያ ክዳኑ ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ደግሞ እንቁላሎቹ ካነበቡት ከ37.5ም በታች ቆይተዋል። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን መፈልፈል ሲገባው የእርስዎ 3 ጫጩቶች በ22ኛውና በ23ኛው ቀን መውጣታቸው ይህንኑ ያመለክታል። የቆየ እንቁላልም ጥቂት ሰዓታት ይዘገያል፤ አንድ ቀንና ሁለት ቀን መዘግየትን ግን በእንቁላል ዕድሜ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። ሙቀት ያነሰው ጫጩት ደካማና ዝግተኛ ሆኖ ያድጋል፣ ቅርፊቱን ለመስበር የሚያስፈልገውን ጉልበትም አያገኝም።

ሙቀቱን ከመጨመርዎ በፊት ግን ቴርሞሜትሩን ይፈትኑት። በደቀቀ በረዶና በጥቂት ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ 0 ማንበብ አለበት። ከዚያም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከሰው ትኩሳት መለኪያ ጎን ያስገቡት፤ የትኩሳት መለኪያ የተሠራው እርስዎ በሚፈልጉት በ37 እና በ39 መካከል በትክክል እንዲያነብ ስለሆነ ጥሩ ማመሳከሪያ ነው። ጥንቃቄ፦ ስሕተት መሥራት ካልቀረ ወደ ዝቅተኛው ወገን ይሁን። ጥቂት ዝቅ ያለ ሙቀት ጫጩቱን ያዘገየዋል፤ ከ39.5 በላይ ለሰዓታት የቆየ ሙቀት ግን ሊገድለው ይችላል።

ይሁንና የ8ቱን ሞት በይበልጥ የምጥለው በእርጥበቱ ላይ ነው። ብዙ ሰው እንቁላል እንዳይደርቅ ይጨነቃል፤ እንቁላል ግን መድረቅ አለበት፣ በልክ ይሁን እንጂ። ማሽን ከገባ ጀምሮ እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ 12 በመቶ ገደማ በውሃነት ማጣት ይኖርበታል፤ የወጣውን ውሃ አየር ይተካዋል፣ የአየር ክፍሉም ይሰፋል። ጫጩቱ በ19ኛውና በ20ኛው ቀን አካባቢ ውስጠኛውን ሽፋን በምንቃሩ በስቶ የመጀመሪያውን ትንፋሽ የሚስበው ከዚህ ክፍል ነው። እርጥበቱ 65 በመቶ ሆኖ 18 ቀን ከቆየ፣ ያውም ውሃ እየተረጨበት፣ እንቁላሉ የሚገባውን ያህል ውሃ አያጣም፤ የአየር ክፍሉ ጠባብ ይሆናል፣ ጫጩቱ ያብጣል፣ ለመተንፈስ ሲሞክርም ፈሳሽ ወደ ሳንባው ይገባል። ያልወጡትን ከፍተው ዐይተዋቸው ከሆነ መልሱ እዚያ ነበር። አንገቱ ያበጠ፣ ሰውነቱ የራሰና የሚያዳልጥ፣ ቅርፊቱ ሲሰበር ፈሳሽ የሚወርደው ጫጩት በእርጥበት ብዛት የታፈነ ነው። ሽፋኑ እንደ ቆዳ ደርቆ ላባው ላይ የተጣበቀው ደግሞ እርጥበት ያነሰው ነው። በ18ኛው ቀን የአየር ክፍሉ ትልቅ ሆኖ ሳለ ጭንቅላቱ በሹሉ ጫፍ በኩል የተገኘ ጫጩት ግን አቀማመጡ የተሳሳተ ነው፤ የአየር ክፍሉ በጉዞ የተላቀቀ እንቁላል ላይ ይህ ስለሚያጋጥም፣ ከ8ቱ ውስጥ ያንን የመሰለ ከነበረ የጉዞው ዕዳ ነው።

ስለዚህ መርጨቱን ጨርሰው ይተዉት፤ እስከ 18ኛው ቀን እርጥበቱ ከ45 እስከ 50 በመቶ ይበቃዋል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያዎች ከ10 በመቶ በላይ ሲዋሹ ማየት ብርቅ ስላልሆነ፣ የእርስዎን በጨው ይፈትኑት፦ በጠርሙስ ክዳን ጨው አድርገው ጭቃ እስኪመስል ብቻ በውሃ ያርሱት፣ መለኪያውንና ክዳኑን አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ አንድ ላይ ከድነው በክፍል ሙቀት ያሳድሯቸው። ጠዋት 75 በመቶ ማንበብ አለበት፤ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ጽፈው ይያዙ። ከመለኪያው ሁሉ የሚታመነው ግን ሚዛን ነው። እንቁላሎቹን ከነመያዣቸው ሲያስገቡ ይመዝኑ፣ የመያዣውን ክብደት ይቀንሱ፤ 60 ግራም የሆነ እንቁላል በቀን 0.4 ግራም ገደማ እያጣ በ7ኛው ቀን ወደ 57.2፣ በ18ኛው ቀን ወደ 52.8 ግራም መውረድ አለበት። ከዚህ ያነሰ ካጣ ውሃውን ይቀንሱ፣ የበለጠ ካጣ ይጨምሩ። በእርሳስ የአየር ክፍሉን ጠርዝ እያሰመሩ መከታተል ለጤነኛ እንቁላል ይሠራል፤ አየሩ ለሚንቀሳቀስ እንቁላል ግን የሚሰመር ቋሚ ጠርዝ ስለሌለ ከሚዛን ሌላ አማራጭ የለም። ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ባለ ቦታ የሚያስፈለፍል ሰው ደግሞ የአየሩ ግፊት ዝቅ ሲል ውሃው ከቅርፊቱ ፈጥኖ ስለሚወጣ፣ እነዚህን የእርጥበት ቁጥሮች ሳይሆን የክብደቱን መንገድ ይከተል።

በ18ኛው ቀን መገላበጡ ይቆማል፣ እርጥበቱ ወደ 65 ወይም 70 በመቶ ከፍ ይላል፣ የአየር መግቢያዎቹ በሰፊው ይከፈታሉ፣ ክዳኑም ይዘጋል። የአየር ክፍላቸው የተላቀቀውን በመያዣቸው ላይ እንደቆሙ ይተዉአቸው። ስለ ሞተብዎ ጫጩት ያለው ነገር አጭር ነው፦ ደም የፈሰሰው ቅርፊቱን የሚያለብሰው ሽፋን ገና ሥራ ላይ ስለነበረ ነው። ጫጩቱ የአየር ክፍሉን ከበሳ በኋላ ቅርፊቱን እስኪነቁር እስከ አንድ ቀን፣ ከነቆረም በኋላ እስኪወጣ ሌላ እስከ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ደሙን ከሽፋኑ ወደ ሰውነቱ ይመልሳል፣ የቀረውን አስኳልም በእምብርቱ በኩል ወደ ሆዱ ያስገባል። ጸጥ ብሎ መቆየቱ መድከሙን አያሳይም። መርዳት የሚፈቀደው ቅርፊቱን ነቁሮ 24 ሰዓት ሙሉ ሳይሻሻል ሲቀርና ሽፋኑ ደርቆ ሲታይ ነው፤ ያኔም በአየር ክፍሉ በኩል ያለውን ቅርፊት ብቻ በጥቂቱ ያንሡ፣ ሽፋኑን ለብ ባለ ውሃ ያርጥቡ፣ ቀይ የደም ሥር ሲያዩ እጅዎን ይሰብስቡና ይመልሱት። ሌላው ጥንቃቄ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን የሞቱትን ማውጣት ነው፤ የሚሸት ወይም ቅርፊቱ ላይ ፈሳሽ ያወጣ እንቁላል ማሽኑ ውስጥ ሊፈነዳና የቀሩትን ሊበክል ይችላል።

ለሚቀጥለው ዙር የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው። ሌላ 24 እንቁላል ወዲያው አያዝዙ። ማሽኑን ጠርገው፣ አጥበውና በጸረ ተሕዋስያን አጽድተው ሁለት ቀን ባዶውን ያስኪዱት፣ ሙቀቱንም በእንቁላል አናት ከፍታ በአራቱም ማዕዘን ይለኩ። ከዚያ 12 እንቁላል ከሩቅ ያስመጡ፣ በዚያው ቀን ደግሞ አውራ ዶሮ ካለበት አቅራቢያ ካለ መንጋ የተገኙ ጉዞ ያላወቁ 6 ትኩስ እንቁላሎች አብረው ያስገቡ። ከሩቅ የመጡት ብቻ ከጠፉ ጥፋቱ የጉዞው ወይም የሻጩ ነው፤ ሁለቱም ወገን ከጠፋ ማሽኑ ገና አልተስተካከለም። ያለ እነዚህ 6 እንቁላሎች በሚቀጥለውም ዙር የሚከራከሩት በግምት ይሆናል። በ7ኛው ቀን ባዶ የሚታዩትን አንድም ሳያስቀሩ ሰብረው፣ ነጥቡን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ እንኳ ከረጅም ጉዞ የመጣ እንቁላል ግማሽ ያህሉ ከተፈለፈለ ጥሩ ውጤት ተብሎ እንደሚቆጠር ዐውቀው ይግቡ፤ አስኳሉ የፈሰሰ፣ ቅርፊቱ የተሰነጠቀ ወይም በመንገድ የጋለ እንቁላል በማሽን ጥራት አይድንም። ለሻጩም ዛሬ የሚጻፍለት የገንዘብ ጥያቄ ሳይሆን ሦስት ጥያቄ ነው፦ እንቁላሎቹ የተጣሉበት ቀን፣ እስኪላኩ የቆዩበት ሙቀትና በዚያው ሳምንት ከዚያው መንጋ ራሱ ያስፈለፈላቸው ምን ያህል እንደወጡለት። እንቁላሎቹ እያንዳንዳቸው ተጠቅልለው፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ፣ በካርቶኑ ግድግዳና በእንቁላሉ መካከል የሚለሰልስ ነገር ተሞልቶ እንዲላኩም በጽሑፍ ይጠይቁት። እነዚህን ለመመለስ የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።